ካሴቱ አለ፤ ዴኩ የት ገባ?

ዛሬ ስለ ካርቱን እንጽፋለን። አዎ፣ ስለ ካርቱን። ‹‹አገር ምድሩ በስንት ጉዳይ ተወጥሮ እናንተ ካርቱን?›› የሚል ወዳጅ እንደማናጣ እናውቃለን። እንዲህ ያለውን ወዳጅ ለአንድ ቀን ብቻ ታገሠን እንለዋለን። የምናነሣው ካርቱን ልጅ ለማስተኛት የተሠራ አይደለም፤ ሰው ይሞትበታል፣ ሲጋራ ይጨስበታል፣ ዕዳ ሳይከፈል ይታደርበታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁላችንንም የሚመለከት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ቀርጸን ያስቀመጥነው ነገር የእኛ ሆኖ የሚቆየው እስከ መቼ ነው?

ካርቱኑ ‹‹ካውቦይ ቢቦፕ›› ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ጃፓን ውስጥ የወጣ ባለ 26 ክፍል አኒሜ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ታሪኩ የጃፓን ስለሆነ ወደ እኛ እየመነዘርን አናደክማችሁም።) ሰሞኑን 26ቱንም ክፍል ከዲስክ ላይ፣ ሳንዘልል አየነው። አንዳንዶቻችን ለሁለተኛ ጊዜ፣ አንዳንዶቻችን ለአራተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። አይተን ስንጨርስ የተከራከርነው ግን ስለ ተኩሱ አልነበረም፤ ስለ ዲስኩ ነበር።

ለማያውቁት

ዘመኑ 2071 ነው። ጨረቃ በአደጋ ተሰባብራ ስብርባሪዋ ምድር ላይ ይዘንባል። ከሰው ልጅ የሚበዛው ወደ ማርስ፣ ወደ ቬኑስና ወደ ጁፒተር ጨረቃዎች ተሰድዷል። ፖሊስ ወንጀለኛውን ሁሉ ማሳደድ ስላቃተው ይዞ ላመጣለት ሰው ወሮታ ይከፍላል። በዚህ ሥራ የሚተዳደሩት ‹‹ካውቦይ›› ይባላሉ። ‹‹ቢቦፕ›› መርከባቸው ነች፤ ስሟ ከጃዝ ዓይነቶች ከአንዱ የተወሰደ ነው።

መርከቧ ውስጥ አራት ሰዎችና አንድ ውሻ አሉ። ስፓይክ ስፒገል ከወንጀለኞች ማኅበር ያመለጠ፣ እጁም እግሩም የሚናገር ተደባዳቢ ነው። ጄት ብላክ አንድ ክንዱን ያጣ የቀድሞ ፖሊስ ሲሆን፣ የመርከቧ አባወራም እማወራም እሱ ነው። ፌይ ቫለንታይን ቁማርተኛ ነች፤ ለ54 ዓመት በብርድ ተኝታ ስትነቃ የምታስታውሰው ነገር የላትም፤ የማያልቅ ዕዳ ግን ይጠብቃታል። ኤድ ኮምፒውተር እንደ ከረሜላ የምትፈታ ሕፃን ነች። ውሻው አይን ይባላል፤ ከአምስቱ አስተዋዩ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በመጀመሪያው ክፍል ጄት ወጥ ሠርቶ ያቀርባል፤ ቃሪያ በሥጋ። ስፓይክ ሳህኑን አገላብጦ ‹‹ሥጋው የታለ?›› ይላል። ሥጋ የለም፣ ምክንያቱም ገንዘብ የለም። ደመወዙ በወሩ አጋማሽ የሚያልቅበት ሁሉ ይህን ወጥ በስሙ ያውቀዋል። ተከታታዩን ከሌላው የተኩስ ካርቱን የሚለየውም ይኼው ነው። ጀግኖቹ ዓለምን አያድኑም፤ የሚቀጥለውን እራት ነው የሚያድኑት።

ዳይሬክተሩ ሺኒቺሮ ዋታናቤ፣ ስቱዲዮው ሰንራይዝ ነው። ድርሰቱን በዋናነት የመራችው ኬይኮ ኖቡሞቶ ነች። ሙዚቃው የዮኮ ካኖ ነው፤ ያንን የጥሩምባ መዓት አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ለሳምንት ሲያፏጨው ይከርማል።

ራስና እግር ያጣ ታሪክ

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ እናንሣ። ‹‹ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ›› ይባላልና።

ቲቪ ቶኪዮ የሚባለው ጣቢያ ይህን ሥራ ከአፕሪል እስከ ጁን 1998 ሲያስተላልፍ ያሳየው ከ26ቱ ክፍሎች 12ቱን ብቻ ነበር። ድብድቡና ደሙ ለጣቢያው በዝቶበት ነው። ከሁለተኛው ክፍል ጀመረ፤ ሦስተኛውን አሳየ፤ ወደ ሰባተኛው ዘለለ፤ እስከ አሥራ አምስተኛው ሄደ፤ ከዚያም አሥራ ስምንተኛውን ጨመረ። በመጨረሻ ከሌሎች ክፍሎች የተቀነጫጨበ አንድ ልዩ ዝግጅት አቅርቦ መጋረጃውን ዘጋ። መጀመሪያው የለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚደረገውና ስፓይክ ከባለቀለም መስታወት ላይ ወድቆ ቁልቁል የሚምዘገዘግበት ዝነኛው አምስተኛው ክፍል የለም። ሁለቱ የመጨረሻ ክፍሎችም የሉም። ተመልካቹ የቀረበለት ራስም እግርም የሌለው አካል ነበር።

ሙሉው 26 ክፍል የታየው ዋውዎው በተባለው የክፍያ የሳተላይት ጣቢያ ላይ ነው፤ ከኦክቶበር 1998 እስከ አፕሪል 1999 ድረስ። አሜሪካ ውስጥ አደልት ስዊም የተባለው የምሽት ፕሮግራም በሴፕቴምበር 2 ቀን 2001 ማሳየት ጀመረ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ፈረሱ፤ ሕንፃ የሚያፈነዳ ሰው ያለበት 22ኛው ክፍልም ለጊዜው ተዘለለ።

ጣቢያዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ምሽት ላይ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየውን መምረጥ የጣቢያ ሥራ ነው፤ በሐዘን ሰሞን ፈንጂ አለማሳየትም ጨዋነት ነው። የምንለው ሌላ ነው። ጣቢያ የሚያሳየው ለዚያ ቀን የሚሆነውን ነው። ሥራው ሙሉ ሆኖ የሚቀመጠው ግን በካሴትና በዲስክ ላይ ነው። ያ ሥራ ተቆራርጦ ከመቅረት የዳነው ሰዎች ገዝተው መደርደሪያ ላይ ሊያኖሩት በመቻላቸው ጭምር ነው።

አሥራ ስምንተኛው ክፍል

ከተቆራረጠው የቲቪ ቶኪዮ ስርጭት ከተረፉት 12 ክፍሎች አንዱ 18ኛው መሆኑ ያስገርማል። ይህ ክፍል ስለ አንድ የቪዲዮ ካሴት ነውና።

ለፌይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጥቅል ይደርሳታል። ፌይ ባለዕዳ የደረሰባት መስሏት ትሰወራለች፤ የማስረከቢያውን ሒሳብ ጄት ይከፍላል። ጥቅሉ ሲፈታ አራት ማዕዘን ጥቁር ፕላስቲክ ይወጣል። የ2071 ሰዎች ምን እንደሆነ አያውቁም! ወደ አንድ የድሮ ዕቃ አፍቃሪ ይወስዱታል። እሱ ካሴቱን ሲያይ በደስታ ሊያብድ ይደርሳል፤ ቤታማክስ ነው። ከማጫወቻው ጋር ያገናኙታል፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ስፓይክ ትዕግሥት የሚባል ስላልፈጠረበት መሣሪያውን በእግሩ ይለዋል። መሣሪያው አለቀለት። (ቴሌቪዥን በጥፊ የሚስተካከል የሚመስላቸው ሁሉ ይመከሩበት።)

ከዚያ ስፓይክና ጄት ሌላ ዴክ ፍለጋ ፍርስራሽ ወደሆነችው ምድር ይወርዳሉ። በውኃና በጨለማ ውስጥ ተንከራትተው፣ ደረጃ ወርደው፣ ግድግዳ ቧጥጠው አንድ ዴክ ተሸክመው ይመለሳሉ። ቪኤችኤስ ሆኖ ተገኘ! ካሴቱ አይገባም፤ መጠኑም ዓይነቱም ሌላ ነው። ይህን ቀልድ የሚረዳው የሁለቱን ፀብ የሚያውቅ ነው። ሶኒ ቤታማክስን በ1975 አወጣ፤ ጄቪሲ በተከታዩ ዓመት በቪኤችኤስ መጣበት፤ ገበያውንም ቪኤችኤስ ወሰደው። ያም ሆኖ ሶኒ የቤታማክስ መቅረጫ ማምረት ያቆመው በ2002፣ ባዶ ካሴቱን መሸጥ ያቆመው ደግሞ በማርች 2016 ነው። ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የቪኤችኤስ ዴክ ማምረት ያቆመውም በዚያው ዓመት በጁላይ ነበር። ዋታናቤና ጓደኞቹ በ1998 ለ2071 ብለው የቀለዱት ቀልድ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው እውነት ሆነ።

በመጨረሻ ሌላ ጥቅል ይመጣል፤ ትክክለኛው ዴክ። ካሴቱ ይገባል። መስኮቱ ላይ የምትታየው ሕፃኗ ፌይ ነች። የዛሬ አሥር ዓመት ለምሆነው ለራሴ ብላ የቀረጸችው መልእክት ነው፤ እየዘለለች፣ እጇን እያወዛወዘች ‹‹በርቺ›› ትላታለች። ትልቋ ፌይ ቆማ ታያለች። ያቺን ልጅ አታውቃትም። ካሴቱ ተገኝቷል፣ ዴኩ ተገኝቷል፣ ማስታወሻው ግን የለም። ዘፈን የለም፣ ለቅሶ የለም፤ ክፍሉ እዚያው ያበቃል።

በአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜ ይህን ተከታታይ የሚያይ ሰው ዓይኑ ከስፓይክ ጫማ አይነሣም። በሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ግን ፌይን ያያል። ‹‹የዛሬ አሥር ዓመት ትልቅ ሰው እሆናለሁ›› ብሎ ለራሱ ቃል ያልገባ ማን አለ?

ከፌይ ጋር ያለን ፀብ

ስለ ፌይ ካነሣን ቅሬታችንንም አንደብቅም። ልብሷ የተሰፋው ለእሷ አይደለም፤ ለተመልካቹ ነው። እንኳን ለተኩስ፣ ወንበር ላይ ለመቀመጥ የማይመች ልብስ ለብሳ 24 ክፍል ትሮጣለች። (የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ የለችም።) ዲስክ እንደገና ሲታይ ጥሩነቱ ይህ ነው፦ የወደዱትን ሥራ ጉድለት ቁጭ ብሎ መቁጠር ይቻላል።

ግን እዚያው ጎን ሌላም ነገር ይታያል። ከወንዶቹ ሁሉ ይልቅ ወደ ኋላ መመልከት ምን እንደሚያስከፍል በትክክል የተጻፈላት ፌይ ነች። ስፓይክ ያለፈውን ሊገድል ይሄዳል። ጄት ያለፈችውን ፍቅረኛውን ሊጠይቅ ይሄዳል። ፌይ ግን በ24ኛው ክፍል የልጅነት ቤቷን ፍለጋ ትሄዳለች፤ ስትደርስ ቤቱ የለም፣ መሠረቱ ብቻ ቀርቷል። እንጨት አንሥታ አልጋዋ በነበረበት ቦታ መሬት ላይ አራት መስመር ታሰምራለች። ገብታ ትተኛለች። ስለዚህች አንዲት ደቂቃ ሲባል ስንት የተኩስ ክፍል ይቅር እንላለን። ኖቡሞቶ በዲሴምበር 2021 አርፋለች፤ የፌይ አልጋ ግን እዚያው ዲስክ ላይ ተሰምሮ አለ።

‹‹ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም›› ይላሉ አባቶች። እውነት ነው። ኔትፍሊክስ በኖቬምበር 2021 ይህንኑ ታሪክ በሰው ተዋንያን አሠርቶ በ10 ክፍል አቅርቦት ነበር። ወር ሳይሞላው መሰረዙን አስታወቀ። ተዋንያኑን አንዘልፍም፣ ለፍተዋል። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ አንዳንድ ሥራ እንደገና መሠራት ሳይሆን በደንብ መቀመጥ ነው የሚፈልገው።

ስለ አቀማመጥ ካነሣንማ፣ ሥዕሉ በእጅ ተቀብቶ በካሜራ የተነሣ ነው፤ ቅርጹም እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ወደ ካሬ የቀረበ ነው። በዛሬ ሰፊ ቴሌቪዥን ሲታይ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። እባካችሁ ሪሞት አንሥታችሁ አትለጥጡት። ስፓይክ ቀጭን ነው፤ አታወፍሩት።

‹‹ለዘላለም›› ስንት ዓመት ነው?

አሁን ወደ ክርክራችን እንግባ። ከመካከላችን አንዳንዱ ‹‹ዲስክ በዚህ ዘመን ለምን? ሁሉም በኢንተርኔት አለ›› ባይ ነው። መልስ እንስጥ።

ፈኒሜሽን የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነበር፤ ‹‹ካውቦይ ቢቦፕ››ን በዲሴምበር 2014 በብሉሬይ ዲስክ አሜሪካ ውስጥ ያወጣው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ዲቪዲውን ያወጣው ባንዳይ በ2012 መጀመሪያ ላይ እዚያ አዲስ ዲስክ ማውጣት እንደሚያቆም አስታውቆ ነበር። ፈኒሜሽን ለአንዳንድ ዲስኮቹ ገዢዎች በኢንተርኔት የሚታይ ቅጂ የሚያስገኝ ኮድ አብሮ ይሰጥ ነበር። ያ ቅጂ፣ ገደብ ቢኖረውም፣ ለዘላለም የገዢው እንደሆነ ተነግሮ ነበር። ፈኒሜሽን ከክራንችሮል ጋር ተቀላቀለ፤ አገልግሎቱም በኤፕሪል 2 ቀን 2024 ተዘጋ። ደንበኞቹ ወደ ክራንችሮል ተዛወሩ። ‹‹ለዘላለም›› የተባሉት ቅጂዎች ግን አልተዛወሩም። ሁለቱም ኩባንያዎች የሶኒ ንብረት ናቸው፤ ያ ቤታማክስን የሠራው ሶኒ። ከዚያ በኋላ ዲስኩን መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ ሰው ያያል፤ ኮዱን ብቻ ይዞ ዲስኩን የሸጠ ሰው ‹‹አገልግሎቱ ተቋርጧል››ን ያነባል።

ዲስክም ቢሆን ቅዱስ አይደለም። ዲቪዲ ሲፈጠር ዓለምን በቁጥር ከፋፍለውታል፦ የአሜሪካ 1፣ የጃፓን 2፣ የእኛዋ ኢትዮጵያ 5። ሕጉን በጥብቅ የያዘ ማጫወቻ ያለው ሰው ዘመድ ከዋሽንግተን የላከለትን ዲስክ ከቶ ‹‹አልቀበልም›› የሚል ጽሑፍ ሊጠብቀው ይችላል። ቤት ውስጥ በኮምፒውተር የሚቀዳው ዲስክ ደግሞ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ነው፤ ቀለም በፀሐይና በሙቀት ይደበዝዛል። ዲስክን እንደ ጣዖት አናመልከውም። የምንለው፣ በእጅ ያለን ነገር የማቆየት ዕድሉ ቢያንስ የባለቤቱ ነው። በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ያለው ነገር ግን የሚቆየው ባለ ኮምፒውተሩ እስከፈለገ ድረስ ነው።

የእኛስ ቡፌ?

እስካሁን የጃፓኑን አወራን። አሁን ተነሡና የሳሎናችሁን ቡፌ የታችኛውን መሳቢያ ሳቡት። ከአልበሙ ሥር፣ ከዋስትና ወረቀቱና ከተሰበረው ሪሞት ጎን ምን አለ? የእማማና የአባባ ሠርግ። የታላቅ እህት ምርቃት። የአያት ተዝካር። ጥቁር ፕላስቲክ፣ ቪኤችኤስ። ዴኩስ? ዴኩ ‹‹ዲቪዲ ሲመጣ›› ለቆራሌው ተሸጧል። ታዲያ እኛ ከቢቦፕ ሰዎች በምን ተሻልን?

ቴፕ ማለት በማጣበቂያ የተያዘ የብረት ዱቄት የተቀባ ቀጭን ፕላስቲክ ነው። እርጥበት ያሻግተዋል፤ ዕድሜ ማጣበቂያውን ያላላዋል፤ ዳስሳችሁት ደኅና ቢመስልም ውስጡ ይሞታል። አዲስ ዴክ የሚያመርት ፋብሪካ የለም፤ ያለው አሮጌው ዴክ ነው፣ እሱም ቁጥሩ በየዓመቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚሠራ ዴክ ያለውን ጎረቤት ወይም የቪዲዮ ባለሙያ ዛሬ ፈልጉ። ወደ ኮምፒውተር ማስገባት አቋራጭ የለውም፤ የሦስት ሰዓት ሠርግ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ስትጨርሱ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱን ቤት፣ አንዱን ሌላ ዘመድ ዘንድ። ካሴቱንም አትጣሉት።

ይህ ግን ግማሹ ሥራ ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር አምስቱ ጥያቄዎች ጆሯችን እስኪደነቁር ተነግረውናል፦ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን። ይህን መልስ ያልያዘ ምስል ቢጠራም ባዳ ነው። ፌይ የጎደላት ዴክ አልነበረም፤ ዴኩ በስተመጨረሻ መጥቶላታል። የጎደላት አጠገቧ ቁጭ ብሎ ‹‹ይኼ ቤታችን ነው፣ ያቺ ጓደኛሽ ነች፣ ያን ቀን እንዲህ ሆነ›› የሚላት ሰው ነው። 54 ዓመት ተኝታ ነበርና።

እናንተ ግን እናታችሁ አለች። ያ ሠርግ ሲቀዳ አብራችሁ ቁጭ በሉና ጠይቋት። ‹‹እማዬ፣ ይቺ ነጠላ ያዘቀዘቀችው ማን ናት? ይኼ እስክስታ የሚመታው ሰውዬ ከማን ወገን ነው? ግቢው የት ነበር?›› እየሰማችሁ ጻፉ፤ ስልካችሁ ላይም ቢሆን ድምጿን ቅረጹ። የሦስት ሰዓቱ ሥራ አሰልቺ ነው ያላችሁ ማን ነው?

ለ‹‹ካውቦይ ቢቦፕ›› አዲስ ለሆናችሁ ደግሞ ምክራችን አጭር ነው። ሰውየውን የምታውቁት ከመጀመሪያው ስለሆነ ከአንደኛው ክፍል ጀምሩ። አምስተኛው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጉ፤ ጎረቤት ቢቆጣ ይቆጣ። አሥራ አንደኛውን እራት ከበላችሁ በኋላ እዩት፤ ፍሪጅ ውስጥ ተረስቶ ስለከረመ ምግብ ነውና ከእሱ በኋላ የእናንተንም ፍሪጅ መክፈት ትፈራላችሁ። አሥራ ስምንተኛውን ስትጨርሱ ወደሚቀጥለው ለመሄድ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ያንን መሳቢያ ሳቡት።

ሰላም ሰንብቱ።